ጣራው የሚነሣ ቤተ መጻሕፍት

ደሴ ተማሪ ሳለሁ አዘውትሬ የምገባበት አንድ የንባብ ክፍል ነበር። መደርደሪያዎቹ በሙሉ የቆሙት በመስኮቶቹ ፊት ነው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ትገባና የመጻሕፍቱን ጀርባ ስትመታ ታረፍዳለች፤ ቀዩ ሽፋን ወደ ሮዝ፣ ሰማያዊው ወደ ግራጫ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። እኛ አንባቢዎቹ ደግሞ ከመደርደሪያዎቹ ወዲህ፣ በክፍሉ መሐል፣ ከአንድ አምፖል ሥር ተጠጋግተን እንቀመጣለን። መብራት የጠፋ ዕለት መጽሐፋችንን ይዘን ወደ ደጃፍ እንወጣለን። ብርሃኑ ለመጻሕፍቱ፣ ጨለማው ለእኛ ደርሶን ነበር።

ጥፋቱ የመደርደሪያ ገጣሚዎቹ ይመስለኝ ነበር። አርክቴክቸር ተምሬ ስመለስ ግን ነገሩ ከዚያ ቀድሞ፣ ገና ወረቀት ላይ እያለ መበላሸቱ ገባኝ። በፕላን ላይ መደርደሪያ ቀጭን አራት ማዕዘን ነው፤ መስኮት ደግሞ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ የተሰመሩ ሁለት ሦስት መስመሮች። ጎን ለጎን ሲሳሉ ፈጽሞ አይጋጩም። የሚጋጩት ቁመት ሲያገኙ ነው። ፕላን ሕንፃውን ከላይ ወደ ታች ስለሚያይ ስለ ቁመት አይናገርም፤ ቁመት የሌለው ነገር ደግሞ ጥላ የለውም። ፕላኑን አይቶ የፈረመው ሰው ጨለማውን አላየውም፤ ከዚያ ወረቀት ላይ ሊያየውም አይችልም ነበር።

ታዲያ አንድን ቤተ መጻሕፍት ገና ሳይሠራ ውስጡ ገብቶ ማየት ይቻላል? ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ካርቶን፣ ከተር፣ ኮላ፣ ማስመሪያና ጥቂት ትዕግሥት ነው። አርክቴክቶች የሐሳብ ሞዴል የሚሉት ይህንን ነው።

ሞዴል ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠውን፣ ትንንሽ ዛፎችና መኪናዎች የተደረደሩበትን፣ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል እንግዶች ከበው የሚመለከቱትን ነው። ያ የማሳያ ሞዴል ነው። የሚሠራው ሁሉም ነገር ከተወሰነ በኋላ ስለሆነ የተወሰነውን ከማሳየት በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ውስጡም ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው፤ ጣራው በኮላ ተለጥፎ ስለሚቀር ማንም አንገቱን አስግጎ ሊያየው አይችልም።

የሐሳብ ሞዴል ግን ውሳኔው ሳይደርስ የሚሠራ መጠየቂያ ነው። አንዱ ሞዴል አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ይነሣል። ብርሃኑ ከየት ይግባ? መጻሕፍቱ አንድ ቦታ ይከማቹ ወይስ ይበተኑ? በር ላይ የቆመ ሰው ምን ያያል? ለጥያቄው መልስ ከሰጠ በኋላ ይቀደዳል፣ ይቆረጣል፣ ሌላ ይሠራል። ስለዚህ ከርካሽ ነገር መሠራቱ ጥቅም እንጂ ጉድለት አይደለም። ሁለት ሳምንት የተደከመበትን ውብ ሞዴል ለመቁረጥ ማንም አይደፍርም፤ ከጫማ ሣጥን የተሠራውን ግን ማንም ይቆርጠዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል በሥራዬ ከሁሉ ይልቅ የሚያገለግለኝ እዚህ ላይ ነው፤ ካርቶን ላይ ያለ ግድግዳ በከተር ይነሣል፣ ኮንክሪት ላይ ያለውን ግን መዶሻም ይቸገራል።

ከውስጥ ወደ ውጭ

አብዛኛው ሰው ሕንፃ ሲያስብ ከፊቱ ይጀምራል፤ መስታወቱ፣ ቀለሙ፣ መግቢያው። ለወሎ ሰው ግን ከውስጥ መጀመር እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተክበው የተሠሩ አይደሉም፤ ከአንድ ወጥ አለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። የጠራቢው ሥራ ማንሣት ነው። ዓምዱ ያልተነሣው አለት ነው፤ አዳራሹ የተነሣው። መስኮት የት ይሁን የሚለውን የወሰነው ሰው ውስጡን አስቀድሞ በልቡ ማየት ነበረበት፤ አንዴ የተፈለፈለ አለት ተመልሶ አይሞላምና።

ተማሪዎቼን የመጀመሪያውን የቤተ መጻሕፍት ሞዴል ከሳሙና እንዲሠሩ የማዝዛቸው ለዚህ ነው። የልብስ ሳሙና በቢላዋ በቀላሉ ይፈለፈላል። ግድግዳ መትከል፣ ወለል መዘርጋት፣ ጣራ መክደን የለም፤ ያለው ባዶ ቦታ መክፈት ብቻ ነው። ትልቁ ባዶ የጋራ ንባብ ክፍል ይሆናል፣ ትንንሾቹ ለብቻ የሚነበብባቸው ጓዳዎች፣ ሳይነካ የቀረው ወፍራም ክፍል ደግሞ የመጻሕፍቱ ማደሪያ። በአንድ ከሰዓት በኋላ አምስት ስድስት ሳሙና ተፈልፍሎ ጠረጴዛው ላይ ሲደረደር ማንም ሳያብራራ ልዩነቱ ይታያል። አንዱ አዳራሽ ነው፣ አንዱ ዋሻ፣ አንዱ መተላለፊያ ብቻ።

ከዚያ ቀጥሎ ልክ ይመጣል። ስኬል የሚባለው ነገር ብዙ ሰው ያስፈራል፤ ግን ቀላል ነው። በ1:50 ስኬል የተሠራ ሞዴል ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር በእውነተኛው ሕንፃ 50 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ሜትር ከ65 የሚረዝም ሰው 3.3 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከወፍራም ወረቀት ተቆርጦ ሊቆም ይችላል። ሁለት ሜትር የሚረዝም መደርደሪያ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህን የወረቀት ሰው ከመደርደሪያው ሥር ስታቆሙት የላይኛው መደዳ ከዓይኑ በላይ እንደሚቀር ወዲያው ታያላችሁ። ኪስ ውስጥ ያለችው የአንድ ብር ሳንቲምም ትጠቅማለች። ከዳር እስከ ዳር ስፋቷ 2.7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በ1:50 ሞዴል ላይ 1 ሜትር ከ35 ትወክላለች። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ለመዞር 1 ሜትር ተኩል ያህል ይፈልጋል። ሳንቲሟ እንኳ በሁለት መደርደሪያ መካከል ጋደም ብላ ካልገባች፣ ያ ሰው እዚያ ገብቶ መዞር አይችልም ማለት ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር የት እንደሚጠፋ የሚያሳይ ከዚህ የቀለለ መለኪያ አላውቅም።

የመጽሐፍና የአንባቢ ጠብ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ቤተ መጻሕፍት ከሌላው ሕንፃ ሁሉ የሚለየው በሆዱ ውስጥ ሁለት የማይስማሙ ነዋሪዎችን ስለሚያኖር ነው። አንባቢ ብርሃን ይፈልጋል። መጽሐፍን ግን ብርሃን ያበላሸዋል፤ ፀሐይ ወረቀቱን ያደርቃል፣ ያወይበዋል፣ ቀለሙን ይበላዋል። የጥንት ሊቃውንቶቻችን ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። ብራናው በማኅደር ይገባል፤ ማኅደሩ በጠፍሩ ከግድግዳው ላይ ይንጠለጠላል። ማኅደር ማለት ማደሪያ ነው፤ መጽሐፉ የራሱ ጨለማ ቤት ነበረው። ንባቡ ግን ሌላ ቦታ ነው። ተማሪው መጽሐፉን ከማደሪያው አውጥቶ ብርሃን ወዳለበት፣ ወደ ደጅ፣ ወደ ዛፍ ጥላ ይሄዳል። የቆሎ ተማሪውም ደረሳውም በወሎ ምድር እንዲህ ነው የተማሩት።

አሜሪካዊው አርክቴክት ሉዊስ ካን በኒው ሃምፕሸር ለፊሊፕስ ኤክስተር አካዳሚ የሠራውና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተጠናቀቀው ቤተ መጻሕፍት ይህንኑ መንገድ በሕንፃ አስቀምጦታል። ሕንፃው ሦስት ቀለበት ነው ማለት ይቻላል። ከውጭ በኩል፣ በጡብ ግድግዳው ጥግ፣ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱ ትንሽ መስኮት ያለው ጠረጴዛ አለው። ከዚያ ወደ ውስጥ በኮንክሪት የተሸከመው የመደርደሪያ ቀለበት ነው፤ እዚያ ብርሃን አነስተኛ ነው። በመሐል ደግሞ እስከ ጣራው የሚደርስ ባዶ አዳራሽ፤ በአዳራሹ ግድግዳዎች ላይ በተከፈቱት ግዙፍ ክብ ቀዳዳዎች ውስጥ መጻሕፍቱ ይታያሉ። ሰው ገብቶ መጻሕፍቱን ያያል፣ አንዱን ያነሣል፣ ይዞት ወደ ብርሃኑ ይወጣል። የንባብ ክፍላችን የጎደለው ይህ ቅደም ተከተል ነበር። እኛ ዘንድ ቀለበቶቹ ተገላብጠው ነበር።

ታዲያ ይህን ከመጽሔት ላይ ቀድቶ ደሴ ላይ ማቆም ይቻላል? እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለኝ። የታወቀ ሕንፃ ሐሳቡ ይወሰዳል እንጂ መስኮቱ አይቀዳም።

ፊንላንዳዊው አልቫር አልቶ በቪፑሪ ከተማ የሠራው ቤተ መጻሕፍት በ1935 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ፤ ከተማዋ ያኔ የፊንላንድ ነበረች፣ ዛሬ በሩሲያ ውስጥ ናት። የንባብ ክፍሉ ጣራ ላይ 57 ክብ ቀዳዳዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው 1.8 ሜትር ስፋት ያላቸውና እንደ ጉድጓድ ጥልቅ የሆኑ። የጥልቀታቸው ምክንያት ስሌት ነው። በዚያች ሰሜናዊ ከተማ ፀሐይ በዓመቱ ረጅሙ ቀን እኩለ ቀን ላይ እንኳ ከአድማስ 53 ዲግሪ አትደርስም። ስለዚህ በቀዳዳው በኩል የምትገባው ጨረር ሁሉ የቀዳዳውን ጎን መትታ፣ ለስልሳ፣ ተበታትና ነው ወደ ታች የምትደርሰው። አንባቢው መጽሐፍ ላይ የሚወድቅ የፀሐይ ነጸብራቅ የለም፤ የእጁም ጥላ ገጹ ላይ አይወድቅም።

ደሴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ናት። እዚህ ፀሐይ በእኩለ ቀን ዝቅ የምትልበት ወር ታኅሣሥ ሲሆን ያኔም ከ55 ዲግሪ በታች አትወርድም። በሌላ አነጋገር የእኛ ዝቅተኛዋ የቀትር ፀሐይ ከእነርሱ ከፍተኛዋ ትበልጣለች። በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ደግሞ ልክ ከአናታችን ላይ ትቆማለች። ያ ውብ ጣራ ደሴ ላይ ቢቀዳ በመስከረምና በመጋቢት ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቅራቢያ 57 የፀሐይ ክቦች በአንባቢው ጠረጴዛ ላይ ይንሸራሸራሉ። ብርሃን በሉክስ ይለካል፤ ለማንበብ ከ300 እስከ 500 ሉክስ በቂ ነው፤ ቀጥተኛ የቀትር ፀሐይ ግን ወደ 100,000 ሉክስ ይጠጋል። ገጹን ማየት አይደለም ዓይንን መግለጥ ያስቸግራል።

ይህን በቁጥር ለማመን የማይፈልግ ሰው በሞዴል ሊያየው ይችላል፤ ሞዴል ከሁሉ በላይ የሚታመነው በብርሃን ነው። ምክንያቱም ይህ ነው። ብርሃን ከካርቶን ቀዳዳ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደቃቅ ነገር ስለሆነ፣ በአንድ ሜትር መስኮትም ገባ በሁለት ሴንቲ ሜትር ቀዳዳ፣ አካሄዱ አይለወጥም። የሞዴሉ ቅርጽ ትክክል ከሆነና የውስጡ ቀለም ከእውነተኛው ጋር ከተቀራረበ፣ በሞዴሉ ወለል ላይ የምታዩት የፀሐይ ቁራጭ በሕንፃው ወለል ላይ የሚወድቀው ራሱ ነው። ቀለሙ ግን ወሳኝ ነው። ቡናማ ካርቶን ብርሃኑን ስለሚውጥ ክፍሉን ከሚገባው በላይ ያጨልመዋል፤ ነጭ ወረቀት ብቻ የተለጠፈበት ደግሞ ከልክ በላይ ያበራዋል። መደርደሪያው ላይ መጽሐፍ እንደሚኖር አስቦ ጠቆር ያለ ወረቀት መለጠፍ ይገባል። በማዕዘኖቹ ስንጥቅ የሚሾልከውን ብርሃን ደግሞ በጥቁር ፕላስተር መድፈን።

ጦሳን ጠረጴዛ ላይ ማምጣት

ባለፈው መጋቢት ከጥቂት የአርክቴክቸር ተማሪዎች ጋር ደሴ ላይ ለልምምድ አንድ ቤተ መጻሕፍት አሰብን። የሚያሠራው የለም፣ ገንዘብም የለውም፤ ሐሳብ ብቻ ነው። ቦታው ከጦሳ ተራራ ግርጌ ወደ ምሥራቅ የሚያዘቀዝቅ መሬት ነው፤ በ30 ሜትር ርዝመት 3 ሜትር ይወርዳል።

መጀመሪያ መሬቱን ሠራን። በ1:200 ስኬል እያንዳንዱ የአንድ ሜትር ከፍታ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካርቶን ነው። ካርቶን በካርቶን ላይ ሲደረብ የሚወጣው ቅርጽ የገበሬ እርከን ነው። አንዲት ተማሪ ይህን አይታ "ሕንፃውም ለምን እርከን አይሆንም?" አለች፤ የዚያ ቀን ሐሳብ ከዚያ ወጣ።

ጦሳን ግን በ1:200 ለመሥራት የክፍሉ ጣራም አይበቃም። ስለዚህ ከቦታው ቆመን የተራራው ጫፍ ከአድማስ በስንት ዲግሪ ከፍ እንደሚል በፕሮትራክተር ለካን፤ ከዚያም የተራራውን መስመር በካርቶን ቆርጠን በሞዴሉ ምዕራብ በኩል በዚያው ማዕዘን አቆምነው። ደሴ ያደገ ሰው ጦሳ የማታዋን ፀሐይ ቀድሞ እንደሚወስዳት ያውቃል፤ ያቺን ቅዝቃዜ በጀርባው ያውቃታል። የትምህርት መጻሕፍቱ ግን የምዕራብ ግድግዳ ፀሐይ ስለሚያቃጥለው መስኮት አታብዙበት ነው የሚሉት። የካርቶኑ ጦሳ ሲቆም ምክሩ ለዚህ ቦታ ግማሽ እውነት መሆኑን አየን። ከሰዓት በኋላ መገባደጃ ላይ ዝቅ ብላ የምትገባዋ፣ ዓይን የምትወጋዋ ፀሐይ በተራራው ተከልላ ትቀራለች። የምሥራቁ ግድግዳ ነው ጥንቃቄ የሚሻው፤ እኔን ያሳደገችኝ መጽሐፍ አድራቂ ፀሐይም ከዚያው በኩል ነበር የምትመጣው።

ብርሃኑን ለመፈተን ከፍ ባለ ስኬል፣ በ1:50፣ የንባብ ክፍሉን ብቻ ሠርተን በቀትር ወደ ደጅ ይዘነው ወጣን። በስልኩ ኮምፓስ ሰሜንን አገኘን፣ ሞዴሉን አቀናን። ያቺ ቀን ምን እንደምትመስል ወዲያው ታየ። የታኅሣሥን ፀሐይ በመጋቢት ለማየት ደግሞ የሞዴሉን ሰሌዳ ደቡባዊ ጠርዝ በ23 ዲግሪ ገደማ ማንሣት ነው። የሰሌዳው ርዝመት 60 ሴንቲ ሜትር ስለነበር ጠርዙን ወደ 24 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረግነው፤ ከሥሩ መጻሕፍት ደራርበን። የሰሜኑን ጠርዝ በዚያው ልክ ብታነሡት የሰኔን ፀሐይ ታገኛላችሁ፤ በዚያን ጊዜ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል እንደምትሆን ያላስተዋለ ብዙ ሰው አለ። በዚህ ዘዴ ዓመቱን በሙሉ በአንድ ቀትር ዞርነው።

ግድግዳው ላይ፣ ከወለሉ 3.2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ትንሽ ቀዳዳ በስተን የስልክ ካሜራ አስጠጋን። ይህ በ1:50 የቆመ ሰው የዓይን ከፍታ ነው። ከላይ ሆኖ ሞዴልን ማየት ሕንፃን እንደ ንሥር ማየት ነው፤ ማንም አንባቢ ግን በጣራ በኩል አይገባም። በዚያች ቀዳዳ የተነሡት ፎቶግራፎች ከፕላኑ ጋር ሲተያዩ የአንድ ሕንፃ አይመስሉም። በፕላኑ ላይ ሰፊ የሚመስለው መግቢያ በፎቶው ላይ ዝቅ ያለ ጨለማ ሆነ። በፕላኑ ላይ ከቁብ ያልቆጠርነው የሰሜኑ ከፍተኛ መስኮት ደግሞ ክፍሉን በሙሉ አንድ ዓይነት ለስላሳ ብርሃን አለበሰው። የቀትርዋ የሰኔ ፀሐይ ወደ አናት አቅራቢያ ስለምትሆን አጭር የጣራ ክፈፍ ብቻ ያግዳታል። ከዚያ በኋላ ጣራውን መብሳት የሚለው ሐሳብ አልተነሣም።

እርከኖቹ የራሳቸውን ጥያቄ አመጡ። አራት ወለል፣ እያንዳንዱ ከላይኛው አንድ ሜትር ዝቅ ያለ፣ የንባብ ጠረጴዛዎቹ እንደ እርሻ መደብ ወደ ምሥራቅ የሚወርዱ። ውብ ነበር። እርከን የሆነ የንባብ አዳራሽ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ2002 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የእስክንድርያው ቤተ መጻሕፍትም አንባቢዎቹን በእርከን ነው ያስቀመጠው። ነገር ግን በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣው አንባቢስ? መወጣጫ ዘንባላ ሲሠራ ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ሦስት ሜትር ለመውረድ 36 ሜትር፤ ያውም ማረፊያዎቹ ሳይቆጠሩ። በ1:100 ሞዴል ላይ 36 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የካርቶን ጥብጣብ ቆርጠን 30 ሴንቲ ሜትር በሚረዝመው ሣጥን ውስጥ ለማስገባት ሞከርን። አልገባም። ማጠፍ ግድ ሆነ። ጥብጣቡ ሲታጠፍ ግን በእጥፋቱ ዙሪያ ቦታ ተፈጠረ፤ አንዱ ተማሪ መደርደሪያዎቹን በዘንባላው ዳር አቆማቸው። ዘንባላው መተላለፊያ መሆኑ ቀርቶ በመጻሕፍት መካከል የሚወርድ መንገድ ሆነ። በ2004 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሲያትል ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍቱን በአራት ፎቅ ላይ ሳይቋረጥ በሚሄድ ዘንባላ የደረደራቸው ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ነው። እኛ የደረስንበት ጥብጣቡ አልገባ ስላለ ነበር።

ሞዴል የማይናገረው

በብርሃን የሚታመን ሞዴል በሌላው ነገር ሁሉ ይታመናል ማለት አይደለም። በተለይ በክብደት። የካርቶን ወለል ያለ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ስለቆመ ሕንፃውም ይቆማል ብሎ ማሰብ አደገኛ ስሕተት ነው። ነገሩ 50 ጊዜ ሲያድግ ክብደቱ በሦስቱም አቅጣጫ ስለሚባዛ 125,000 ጊዜ ይጨምራል፤ የሚሸከመው የምሰሶ ስፋት ግን በሁለት አቅጣጫ ብቻ ስለሚባዛ 2,500 ጊዜ። ስለዚህ ያው ቅርጽ በዚያው ዓይነት ቁስ ቢሠራ እያንዳንዱ የምሰሶው ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚሸከመው 50 እጥፍ ይሆናል። ጋሊሌዮ ይህን የጻፈው በ1638 እ.ኤ.አ. ነበር።

ለቤተ መጻሕፍት ይህ ከሌላው ይብሳል። አንድ ሜትር መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ በግርድፉ 30 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በአውሮፓ የግንባታ ደረጃዎች የንባብ ክፍል ወለል በካሬ ሜትር ወደ 300 ኪሎ ግራም፣ የመጻሕፍት ማከማቻ ወለል ደግሞ ወደ 750 ኪሎ ግራም እንዲሸከም ይታሰባል። ዛሬ የንባብ ክፍል ተብሎ የተሠራ ወለል ነገ መደርደሪያ ቢሞላበት የተሠራለትን አይደለም የሚሸከመው። በዚያ ላይ የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ጫፍ ነው። በ1953 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ሲያፈርስ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ ከሚወስደው መንገድ ብዙም ሳይርቅ ነበር። ከግድግዳ ጋር ያልታሰረ ረጅም መደርደሪያ በሰው ላይ ይወድቃል። ይህን ሁሉ ካርቶኑ አይነግራችሁም፤ መሐንዲሱ ነው የሚነግራችሁ።

ድምፅም እንዲሁ ነው። የደሴ ክረምት በቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ ንባብ ያቋርጣል፤ በረዶ ሲቀላቀልበት ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎችም አይሰማሙም። የካርቶን ጣራ ላይ ውኃ ብትረጩ የምትሰሙት ካርቶኑን ነው። ሙቀትም በሞዴል አይለካም። ያንኑ ሕንፃ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ላይ ብታቆሙት ብርሃኑ ከሞላ ጎደል ያው ነው፤ አየሩ ግን ከ600 ሜትር ያህል ዝቅታ ጋር ይለወጣል። ደሴ ላይ ሙቀት እንዳይወጣ የምንዘጋውን ከፍተኛ መስኮት ኮምቦልቻ ላይ የሞቀው አየር እንዲወጣበት መክፈት ያስፈልጋል። ሞዴሉ መስኮቱ የት እንዳለ ያሳያል፤ መቼ እንደሚከፈት ግን የቦታው ሰው ነው የሚያውቀው።

የቦታውን ሰው ስንፈልግ ከብዙ ዓመት ጀምሮ በቤተ መጻሕፍት የሠሩ አንዲት እናት አገኘን። ጣራውን አንሥተን "እትዬ፣ እስኪ ይመልከቱልን" አልናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩ። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ሞዴሉ አስገብተው "እኔ የምቀመጠው የት ነው ልጄ?" አሉ። ከሦስት ሳምንት ሥራ በኋላ የእርሳቸውን ወንበር ያስቀመጠ አልነበረም። በሩ አጠገብ አንድ የወረቀት ሰው አቆምን። ክር አምጥተን ከወረቀቱ ሰው ዓይን ወደ እያንዳንዱ ጥግ ወጠርነው፤ ክሩ መደርደሪያ ነክቶ የታጠፈበት ቦታ ሁሉ እርሳቸው የማያዩት ቦታ ነው። ከአሥራ ሁለት ክር ሰባቱ ታጠፉ። ወንበራቸውን ወደ ሁለተኛው እርከን አወጣነው፤ ሁለት መደርደሪያዎችን ዝቅ አደረግን፤ የታጠፉት ክሮች ሁለት ብቻ ቀሩ።

በመጻሕፍቱ ዘንባላ ግን አልተስማሙም። "መጽሐፍ የጫነ ጋሪ ቁልቁል ቢያመልጠኝስ?" አሉ። ማናችንም ጋሪ ገፍተን አናውቅም ነበር። በየእጥፋቱ ያለውን ማረፊያ አስረዘምነው፤ ጋሪው የሚቆምበት ሜዳ አገኘ፣ መደርደሪያዎቹም በከፊል ወደ ሜዳው ተዛወሩ። ሊሄዱ ሲነሡ ደግሞ በሩን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ በሐምሌ ሁሉም እርጥብ ጃንጥላና ጭቃ የያዘ ጫማ ይዞ እንደሚገባ፣ ውኃው መጻሕፍቱ ድረስ እንደሚደርስ ነገሩን። መግቢያችን ከመንገዱ በቀጥታ ወደ ወለሉ ነበር የሚከፈተው። ከተሩን አነሣን፤ በ1:50ው ሞዴል ላይ የመግቢያውን ግድግዳ አራት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገፋነው፣ በላዩ ያለውን ጣራ እንዳለ ተውነው። በሕንፃው ላይ ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው በረንዳ ነው፤ ጃንጥላ የሚራገፍበት፣ ጫማ የሚጠረግበት፣ ዝናቡ እስኪያባራ ቆመው የሚያነቡበት።